በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የቤት ሥራ



በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርታችን «ቤተሰቤ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲመጡ ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ ሰጡ። አብዛኞቹ ልጆች እንደ ወትሮው ስለ እናታቸው ሽሮ፣ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ረብሻ፣ አዲስ አበባ ስላሉት አያታቸው ጻፉ። አንዱ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አባቴ ሁልጊዜ ቤት ነው። ሥራ ላይ ስለሆነ አናናግረውም። ሥራውን ሲጨርስ እኛ ተኝተናል።» መምህርቷ ደብተሩን ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። «የሚታረም ሆሄ አላገኘሁበትም፤ ግን ዝም ብዬ መመለስ ከበደኝ» አሉን።

የልጁን አባት እናውቃቸዋለን። ልጃቸውን የሚወዱ፣ ከወላጆች ስብሰባ የማይቀሩ ሰው ናቸው። እዚህ ናይሮቢ ባለ ሁለት መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ቤተሰቡ እራት በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ዘርግተው ለሰው ድረ ገጽ ይሠራሉ። አንዱ ደንበኛቸው ዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት አለው፤ አንዷ ዱባይ ሆና የባህል ልብስ ትሸጣለች፤ ሌላው እዚሁ ኢስሊ ተቀምጦ ዕቃ ወደ አገር ቤት ይልካል። አለቃ የላቸውም፤ ቢሮ የላቸውም፤ የወር ደመወዝም የላቸውም። ይህን የምንጽፈው እሳቸውና ባለቤታቸው ፈቅደውልን ነው። ስማቸውን ያልጠቀስነው ጉዳዩ የእነሱ ብቻ ስላልሆነ ነው።

የእነሱ ብቻ አለመሆኑን ከምዝገባ ቅጾቻችን እናያለን። «የወላጅ ሥራ» በሚለው መስመር ላይ ቀድሞ የምናነበው ነጋዴ፣ ሹፌር፣ የምግብ ቤት ሠራተኛ፣ የድርጅት ተቀጣሪ የሚል ነበር። አሁን «ድረ ገጽ»፣ «ግራፊክስ»፣ «ኦንላይን ሥራ» የሚሉም ተጨምረዋል።

ሥራው እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲሁ አልበቀለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳ ተጀመረና ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ተለመደ። በ2009 የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ፤ ውድና ቀርፋፋ የነበረው ኢንተርኔትም ቀስ በቀስ እስከ መኖሪያ ቤት ገባ። ፊደላችን ቀደም ብሎ በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለተካተተ አማርኛን እንደ ማንኛውም ቋንቋ በኮምፒዩተር ለመጻፍ መንገድ ተከፍቶ ነበር። በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት የኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ብዙ ሥራ ሲቆም፣ ገቢያቸው የተቋረጠ አንዳንድ ወላጆቻችን ቤታቸው ሆነው ይህን ሙያ መማር ጀመሩ። ገበያም አላጡም። ውጭ አገር ያለ የእኛ ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ብቻ አይደለም የሚፈልገው። አማርኛውን ሳይገድፍ የሚጽፍለት፣ የዘመን መለወጫ ቅናሹን በመስከረም የሚያወጣለት፣ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ሲባል የማይምታታበት፣ ሲጨቃጨቅም በአማርኛ የሚጨቃጨቀው ሰው ይፈልጋል።

የዚህን ሥራ ጥቅም አናሳንስም። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው እናቱ ዐረብ አገር፣ አባቱ ረጅም መንገድ ላይ ሆነው በስልክ ድምፅ ብቻ ያደገው? ዛሬም እንዲህ የሚያድጉ ተማሪዎች አሉን። ወላጅ ሳይሰደድ፣ ጎሕ ሲቀድ ማታቱ ላይ ሳይጋፋ፣ ልጁ ሲያተኩሰው እቤት ሆኖ እንጀራውን ማግኘት ከቻለ ተመስገን የሚያሰኝ ነገር ነው። አንዳንድ ወላጆችም ይህንኑ ይነግሩናል፦ «ቢያንስ አለሁ። ልጁ ትንሽ መታገሥ አለበት፤ የምደክመው ለእሱ ነው።» እውነት አላቸው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ መሥራትና ከቤተሰብ ጋር መኖር ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን በራሱ አያመጣም። ለልጅ የሚሆነው ሰዓት ካልተቆረጠና ካልተጠበቀ ሥራው ይበላዋል። ያንን ሰዓት የመጠበቅ ኃላፊነት ደግሞ የወላጅ ብቻ አይደለም። ደንበኛውም፣ ዘመዱም፣ እኛም አለንበት።

ነገሩን ከሰዓት እንጀምር። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚወጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቤት የሚደርሱት 10 ሰዓት ግድም። ዋሽንግተን ያለው ደንበኛ ጠዋት ሥራ ገብቶ ስልኩን የሚያነሣው ደግሞ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ 11 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ቦርሳውን ሲያወርድ የደንበኛው ቀን ይጀምራል ማለት ነው። የደንበኛው ቀን ሲያልቅ እዚህ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ሆኗል። ልጁ ክፍል ውስጥ ሳለ ቤቱ ጸጥ ብሎ ይውላል፤ ስልኩ የሚያቃጭለው ልጁ ሲመጣ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዓት ለእኛ ይቀርባል፤ ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ይሁን እንጂ ሪያድ ላለ ደንበኛ እሑድ የሥራ ቀን ነውና ብዙዎቻችን በምናርፍበት ቀን እሱ ይደውላል።

ያ ጊዜ፣ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው፣ ልጅ ውሎውን የሚያወራበት ነው። ማን እንደመታው፣ ማን እንደሳቀበት፣ ሒሳቡ የቱ ጋ እንደጠፋበት የሚናገረው ያኔ ነው። በማግስቱ ብትጠይቁት «ምንም የለም» ይላል። መምህራን ይህን እናውቃለን፤ ጠዋት ክፍል የሚገባው ልጅ ማታ ሰው አግኝቶ አውርቶ እንደሆነ ወይም ሳያወራ እንደተኛ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይታወቃል።

መፍትሔው ከምናስበው ይቀላል። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና እኩለ ቀን ወይም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ልጆች እራት በልተው፣ የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ወደ መኝታ ሲሄዱ ደንበኛው ከፊቱ ግማሽ የሥራ ቀን አለው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ደውልልኝ፤ ከዚያ በፊት ጽሑፍ ተውልኝ» ቢባል የሚቀርበት ነገር የለም። ይህን ለደንበኞቻቸው በግልጽ የጻፉ ሁለት ወላጆች አንድም ደንበኛ እንዳልተቀየማቸው ነግረውናል። ደንበኛው ፈጥኖ መልስ የሚጠብቀው ፈጥነን መመለስ ስላስለመድነው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጥፋት መናገር አለብን። የልጁን ደብተር ካየን በኋላ አባትየውን ጠራናቸው። ለመምከር ነበር ያሰብነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም ብለው ቆዩና በትሕትና እንዲህ አሉን፦ «ልጄ ይህን የጻፈበት ሳምንት ላይ እኮ የእናንተን ሥራ ነበር የምሠራው።» ድረ ገጻችንን የሠሩልን እሳቸው ናቸው። የክፍያ ሠንጠረዡን ሦስት ጊዜ አስቀይረናቸዋል፤ አንዴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ለነገ ጠዋት ይድረስ» ብለን ጽፈንላቸዋል። የወላጅ ዋጋ ብለን አስቀንሰናቸዋል። ቀሪውን ገንዘብ የከፈልነው ሥራውን ከተረከብን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን ይህ ነው፦ እኛ ዕዳቸውን ሳንከፍል የትምህርት ቤት ክፍያ ዘገየ የሚል ማስታወሻ በልጃቸው ቦርሳ አስይዘን ልከናል። ልጁ ማስታወሻውን ለአባቱ ሰጥቶ «ጥፋት ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸው ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ በዚህ መጽሔትም ደግመን እንጠይቃለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገንዘቡን ነገር በሌላ ዓይን እናያለን። ደመወዝተኛ ቤት ወር ሲሞላ ይታወቃል። የእነዚህ ወላጆች ገንዘብ ግን አንድ ወር ሁለት ሥራ ሆኖ ይመጣል፣ ሁለት ወር ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የዕቁብ ቀን ግን ደንበኛውን አይጠብቁም። ዕቁብ ገንዘብ ለመያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም በየሳምንቱ የሚጣል ዕቁብ በየሳምንቱ ለማይከፈለው ሰው ጭንቀት ሲሆን አይተናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ያልተከፈለ ሒሳብ እየቆጠሩ ወጪ ማውጣት ቤት ያናጋል።

የቆዩት ወላጆች ከራሳቸው የተማሩትን ነግረውናልና እናካፍላችሁ። ግማሹን ቀብድ ሳይቀበሉ ሥራ አይጀምሩም፤ ቀሪውን ሳይቀበሉ ድረ ገጹን አያስረክቡም። ዶሜይኑና ሆስቲንጉ በደንበኛው ስምና በደንበኛው ካርድ ይከፈላል፤ አለዚያ በዓመቱ የሚታደሰው ዶላር ከልጆች ኪስ ይወጣል፤ ካልታደሰም ገጹ ይጠፋና ደንበኛው በእኩለ ሌሊት ይደውላል። ስንት ጊዜ ማስቀየር እንደሚቻል መጀመሪያ በጽሑፍ ይስማማሉ። ከተቻለም በየወሩ ትንሽ የጥገና ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ስለሆነ ቤቱን ያረጋጋል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የትምህርት ቤቱን ድርሻ አስቀድመው ለብቻ የሚያስቀምጡም አሉ። እነዚህ የንግድ ደንቦች ይመስላሉ፤ ግን የልጅ እንቅልፍ የሚጠበቀው በእነሱ ነው።

ለልጆችም እውነቱ በልካቸው ይነገራቸው። «ደንበኛው ሲከፍለኝ እገዛልሃለሁ» ተብሎ አሥር ጊዜ የተነገረው ልጅ ያላየውን ሰው መጥላት ይጀምራል፤ ወይም የአባቱን ቃል ማመን ይተዋል። «በዚህ ወር የለንም፤ በሚቀጥለው ወር እናያለን» መባል ይሻለዋል።

ልጆች በወላጆቻቸው ሥራ መግባታቸውን በተመለከተ አሳባችን ሁለት ወገን አለው። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች የምግብ ዝርዝር በአማርኛ ሲተይቡ፣ «ጥብስ» እና «ጥሬ ሥጋ»ን በእንግሊዝኛ ሲያብራሩ፣ ፎቶ ሲመርጡ አይተናል። እንደዚህ ካሉት ልጆች አንዳንዶቹ በአማርኛ ጽሕፈት ከክፍላቸው ቀድመዋል፤ ፊደሉ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለእንጀራ እንደሚጠቅም አይተዋልና። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ወላጁ በማይችለው ቋንቋ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር ስለ ገንዘብ ሲከራከር፣ ወይም ሥራው ለነገ መድረስ አለበት ተብሎ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ሲተይብ ማገዙ ቀርቶ ተቀጣሪ ሆኗል። መለኪያችን ቀላል ነው፦ የልጁ የቤት ሥራ ቀድሞ ይለቅ፤ የመኝታ ሰዓቱ አይነካ፤ ከገንዘብ ንግግር ይራቅ፤ ያገዘበት ሥራ ሲከፈልም ትንሽ ነገር ይድረሰው፣ እጁ እንዳለበትም ይነገርለት።

ሌላው የቤት ሰው ጉዳይ ነው። እናት ስትሆን ድረ ገጽ ሠሪዋ፣ ችግሩ ይደርባል። እንግዳ «ቤት ናት እኮ» ብሎ ሳይደውል ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ ምጣድ ይጣዳል፤ የጎረቤት ልጅ እሷ ዘንድ ይውላል። ሥራዋን የምትጀምረው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። አባት ሲሆን ደግሞ ወሬው ሌላ ነው፤ «ሥራ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ነው» ይባላል። ይህን ከአጎቱ አፍ የሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ስለ ወላጆቹ ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው፤ ይቅር አንልም። ግን ሱቅ ያላትን ሴት «ሱቅሽን ዝጊና ቡና አፍዪልን» የማንል ሰዎች፣ ላፕቶፕ ያላትን ሴት ለምን እንላለን? ዘመድ ከመምጣቱ በፊት ይደውል። ባልም ሚስቱ ደንበኛ ስታነጋግር እራቱን ያቅርብ፣ ልጆቹን ያጥና።

ጠባብ ቤት ውስጥ ለሥራ የተለየ ክፍል ይኑር ማለት ቀልድ ነው። ቢሆንም ልጅ የሚያየው ምልክት ያስፈልገዋል። አንዲት እናት ሥራ ላይ ስትሆን ወንበሯ ላይ ነጠላ ታንጠለጥላለች፤ ነጠላው ሲነሣ ልጆቹ መጠየቅ እንደሚችሉ ያውቃሉ። ነጠላው እንዲነሣ የተስማሙበት ሰዓትም አለ፤ እሷ ብትረሳ የአምስት ዓመቷ ልጅ ራሷ ታነሣዋለች። ሌላ ቤት ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ጠረጴዛው የልጆች ነው፤ ላፕቶፑ አልጋ ላይ ይቀመጣል። መብራት በሚጠፋበት ማታ ሁሉም ተሰብስቦ እንደሚያወራና እንደሚስቅ፣ ልጆቹም መብራት እንዳይመጣ እንደሚጸልዩ የነገሩን ወላጆችም አሉ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሚያሳስብ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አንመክርም። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አስቸኳይ የጤና ወይም የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ለወላጅ መልእክት አንልክም። የቤት ሥራ በቴሌግራም ብቻ አይሰጥም፤ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ የወላጅ ስልክ የሥራ ዕቃ ነውና ልጁ ለቤት ሥራው ሲል ከወላጁ ጋር ሊሻማበት አይገባም። ማክሰኞና ሐሙስ የኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ መምህር ባለበት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ይሆናል። «ቤት ስለሆኑ ይመቻቸዋል» ብለን የወላጆችን ስብሰባ ሁልጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት መጥራታችን ይቀራል። ለወላጅ የምንሰጠውን ማንኛውንም ሥራ ግማሹን በቅድሚያ፣ ቀሪውን ከተረከብን በ14 ቀን ውስጥ እንከፍላለን። ወላጆች፣ ይህን ካፈረስን ይህን ገጽ ይዛችሁ ኑና ጠይቁን።

ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆቻችን፣ ከእናንተ ውስጥ ይህን ሙያ የሚይዙ ብዙ እንደሚኖሩ እናምናለን። ጥሩ ሙያ ነው፤ ያዙት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ሙያችሁም ስሙ ድረ ገጽ ነውና ድሩን ስታደሩ ቤታችሁ ያሉትን ሰዎች አትርሱ። ወላጆቻችሁ እራት በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ሌሊት ሲሠሩ ያያችሁ ልጆች ናችሁ፤ ለእናንተ ክፍያ እንደነበረም ታውቃላችሁ። አመስግኗቸው። ስትጀምሩ ግን ዋጋችሁን ብቻ ሳይሆን ሰዓታችሁንም ለደንበኛ ንገሩ።

ያ የአራተኛ ክፍል ልጅ እንዴት ሆነ የሚል ቢኖር፣ አባቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስልካቸውን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ጀምረዋል። የቀሩትን ቀናት ገና አልቻሉም፤ ሥራውም ኪራዩም አለ። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ በጻፈው ገጽ ላይ አባቱ ክፍልፋይ ሲያስረዱት እንደሚሳሳቱና እሱ እንደሚያርማቸው ገልጿል። መምህርቷ ደብተሩን ሲያርሙ በዚያኛው ጊዜ እንደሆኑት አልከበዳቸውም፤ ሁለት ሆሄ ብቻ አስተካክለው መለሱለት።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።